ቤት ቁጥር ሰባት

ሰፈሩ ስሟን ከረሳ ቆይቷል፤ «እመት ጭልፋ» ነው የሚላት። ስምንት ዓመት ሙሉ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋና ነጭ ሳህን ይዛ በየቤቱ ዞራለች። ከየበርሜሉ ውሃ ትቀዳለች፣ ሳህኑ ላይ የሚርመሰመሰውን የትንኝ እጭ ትቆጥራለች፣ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ ትንኝ የሚያስተላልፈውን፣ ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት ወደሚያጠናው ቤተ ሙከራ ይሄዳል።

ሦስት ወር በተከታታይ የሞላችው ዜሮ ብቻ ነበር። የጥናቱ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ጠራት።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ሰፈርሽ ጸድቷል። የዚህ ወርም ዜሮ ከሆነ ከጥናቱ እናወጣዋለን፤ መድኃኒቱም የበርሜል ክዳኑም ለሌላ ሰፈር ይሰጣል።»

ደስታው አልዋጥ አላት። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ በዚያው ትኩሳት አልጋ ከያዘች ሳምንቷ ነው፤ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ ሴት! ታዲያ በሽታው በየት በኩል ገባ?

ቤት ስትደርስ ለእህቷ ነገረቻት። በሽተኛዋ እያቃሰተች ሳቀች።

«አንቺ የዋህ! ነገ እመጣለሁ ባልሽ ቁጥር ሰፈሩ በርሜሉን ሲገለብጥ፣ ሲፈትግ አይደል የሚውለው? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ?»

እመት ጭልፋ ክው አለች። ከሦስት ወር ወዲህ ከአንድ ቀን በፊት መናገር የጀመረችው እሷው ናት፤ ሳይነግሩ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው ብላ። ለካ በጨዋነቷ ጥናቱን ገደል ከታዋለች።

በማግስቱ ለሰፈሩ ሳትናገር ጭልፋዋን ይዛ ተነሳች። የልብስ ሰፊው ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመችባት።

«ዛሬ ነው እንዴ? ኧረ በሞቴ፣ ነገ ተመለሺ! ጉዴን ልታወጪው ነው?»

ሁለተኛውም ሦስተኛውም በር እንዲሁ መለሳት። እሷ ግን ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም። ከራሷ ልትጀምር ወደ ቤቷ ተመለሰች። በቅጹ ላይ ቤት ቁጥር ሰባት የራሷ ነው፤ «የራሴንማ አውቀዋለሁ» እያለች አንድ ቀን እንኳ ሳትቀዳ ዜሮ የምትጽፍበት። ከእህቷ መስኮት ሥር ያለውን በርሜል ቀዳች።

አርባ አንድ እጭ።

ፊቷ በእፍረት ጋለ። በመስኮቱ በኩል እህቷ ስታቃስት ይሰማታል። ጥርሷን ነክሳ ቁጥሩን ጻፈችና ሳህኑን ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ገሰገሰች።

«ይኸው የእኔ ጉድ! አርባ አንድ ናቸው። እህቴን አልጋ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ሳህኑን አየች፣ እሷን አየች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ባለ ጭልፋዋ እንዲህ ከሆነች፣ የእኔማ ዓሣ ሳያረባ አይቀርም። ግቢ በይ!»

ወሬው ከጭልፋው ቀድሞ ሮጠ፤ ከዚያ በኋላ በር የዘጋባት የለም። እስከ ቀትር ከሃያ ቤት በአሥራ ሦስቱ እጭ ተገኘ።

ኃላፊው ቅጹን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ስህተት ነው መሰለኝ።»

«ስህተቱስ ያለፈው ዜሮ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ። ቤት ቁጥር ሰባትን እዩት፣ የራሴ ነው። ከእንግዲህ ለሰፈሩ ቀድሜ ሳልናገር ነው የምሄደው።»

ኃላፊው ብዕሩን አንስቶ ሰፈሩን ከጥናቱ ከሚወጡት ዝርዝር ውስጥ ሰረዘው። እመት ጭልፋም አሥራ ሦስት ክዳን ልትቀበል ወደ መጋዘኑ አመራች።