የድልድዩ ገጽ

ጋሽ ነገራ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበሩ። ለሌላ ሥራ ሰነፍ ናቸው ብትሉ አልከራከርም፤ ለመዝገቡ ግን ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ቦኖ ውኃ የገባበት ቀን፣ የወንዙ ድልድይ፣ ማን አሸዋ አመጣ፣ ማን ድንጋይ ተሸከመ፣ ሁሉም በየስሙ ተጽፏል። በዓመቱ ስብሰባ ሲያነቡት፣ ስሙ የተጠራ ብድግ ብሎ «አለሁ!» ይላል። የኛ ሰው ስሙ ሲነበብ እንዴት ደስ ይለው ነበር!

በ1970 ዓ.ም. ይኸው ልማድ መዘዝ አመጣ። የቀበሌው ካድሬ፣ ወጣቶች በድልድዩ ሥራ ሰበብ ተደራጅተዋል የሚል ወሬ ደረሰውና «እሑድ መዝገቡ እፊቴ ይነበባል» ብሎ አዘዘ። የድልድዩ ገጽ ላይ የአሥራ አንድ የሰፈር ልጆች ስም አለ። ከተነበበ ተለቅመው መወሰዳቸው ነው። በዚያ ዘመን ሰው ለመውሰድ ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር።

ጋሽ ነገራ ገጹን ቀደው እሳት ውስጥ ከተቱት። በአዲስ ወረቀት የአሥራ አንድ ሽማግሌና ባልቴት ስም ጽፈው መልሰው ሰፉት። ለባለ ስሞቹ ግን ትንፍሽ አላሉም። ማን ለማን እንደሚያወራ በማይታወቅበት ጊዜ ማንን ይመኑ?

እሑድ ካድሬው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ጋሽ ነገራ የድልድዩ ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ።

«ድንጋይ የተሸከሙ፦ ወይዘሮ ማሚቴ...»

እማማ ማሚቴ ያለ ደጋፊ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መድረስ የማይችሉ አሮጊት ናቸው። ኧረ ተናገሩ፣ በማርያም!

«አለሁ!» አሉ እንደምንም ተነሥተው። «ወገቤን የቆረጠኝ ያ ድንጋይ አይደል እንዴ!»

«ሀጂ አማን።»

«አለሁ።»

እንዲህ እያለ አሥራ አንዱም ተነሡ። ካድሬው መዝገቡን ነጥቆ ገጹን በጣቱ ተከተለ፤ ከዚያ እማማ ማሚቴን አፈጠጠባቸው።

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«አብዮቱ አበረታን፣ ልጄ።»

መዝገቡን ወርውሮ ወጣ። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ እየተቃቀፈ ሳለ ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ልጇ ኃይለ መለኮት በተቃጠለው ገጽ ላይ ከነበሩት አሥራ አንድ ልጆች አንዱ ነበር፤ ከወር በፊት ተወስዶ ተገድሏል፤ አስከሬኑን አልሰጧትም።

«ጋሼ፣ የልጄ ስምስ?»

«የሺዬ... ስሙ ካለ፣ አብረውት የነበሩት እነማን ናቸው ብለው ይጠይቃሉ።»

«አውቃለሁ። ደግ አደረጉ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ግን ፎቶ የለኝ፣ መቃብር የለኝ። ዛሬ ስሙን ሲጠሩት፣ ተነሥቼ አለሁ ልልለት ነበር የመጣሁት።»