መቅደስ የገባው ኮምፒውተር

ለአንድ የድምፅ ካርድ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል በፓኬጅ አሰናድቼ ነበር፤ ኮምፒውተር ካርዱን አውቆ ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የሚሠራው በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ነው። ድብ ባሕር ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የነገውን የንግሥ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ፈልጎ ቢጠራኝ ከጎንደር ሄድኩ።

ድምፁ የሚያልፍበትን ኮምፒውተር ለጥንቃቄ ብለው መቅደስ ውስጥ አስቀምጠውታል። እኔ ክህነት የለኝም፤ አልገባም። ስለዚህ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ትእዛዙን ፊደል በፊደል እነግራለሁ፣ ቄሰ ገበዙ ውስጥ ሆነው ይጽፋሉ። ላብ በላብ ሆንን።

"እንቢ ብሏል" አሉ በመጨረሻ። "ኤ አር ኤም የሚል ጽፏል።"

"የፕሮሰሰሩ ዓይነት ሌላ ነው፣ አባቴ። የእኔ ፓኬጅ እሱ ላይ አይጫንም። ያውጡልኝና ቁጭ ብዬ ላስተካክለው።"

"መቅደስ የገባ ዕቃማ እንዲሁ አይወጣም።"

 ቆይተው በመጋረጃው ብቅ አሉ።

"ምነው አንተን ብናስገባህስ? ለንግሡ ጳጳሱ ዛሬ ማታ ይደርሳሉ። ጠዋት ዲቁና ይሰጡሃል።"

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። "እሺ" አልኩ።

"ሸጋ ነው። ሚስት አግብተሃል?"

"አግብቻለሁ፣ አባቴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዲቁና ከጋብቻ በፊት ነበር። እንግዲያ አንተም አትጫንም።"