አዴ ሀሊማን ለጎረቤት የዳረ መዝገብ

ሰው ለምን አይጠይቅም? አፍ የተሰጠን ጫት ለማላመጥ ብቻ ነው እንዴ? ይህን የምለው፣ ጭሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ ያስተማረኝ የለም፤ ሕጉንም ቁጣውንም ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ።

እንደ እናት «አዴ» የምንላቸው ሀሊማ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሂርና ተድረው ሰባት ልጅ ወለዱ፣ ኋላ ጭሮ መጥተው ሽንኩርት ሲሸጡ ኖሩ። ሚዛናቸው አይዋሽም፣ ምላሳቸው አይምርም። ከዚያ ምላስ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ነገር ቢኖር የባላቸው ስም ነው። በእሳቸው ዘመን ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። አላህ ይዘንላቸውና ባላቸው አብዱልቃዲር ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል። እሳቸው ግን ዛሬም በልጃቸው ስም «የአብዱናስር አባት» ይላሉ፣ አለቀ። ሰፈራችን ውስጥ አብዱልቃዲር የሚባል ሹፌር አለ፤ እሱን እንኳ «አንተ ረጅሙ!» እያሉ ነው የሚጠሩት።

ነገሩ የፈነዳው የልጅ ልጃቸው ሳብሪና ልታገባ ሳምንት ሲቀራት ነው። ሙሽራው ኢርሻድ፣ ሂርና የአዴ ሀሊማ ጎረቤት የነበረው የሟቹ የበክሪ የልጅ ልጅ ነው። የኢርሻድ አጎት ሙከሚል ጡረታ ከወጣ ወዲህ የዘር ሐረግ መቁጠር ይዞታል። ሂርና ሄዶ አንድ የድሮ የነዋሪዎች መዝገብ አስወጣና ገጹን በስልኩ አንስቶ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላከው። «ሀሊማ። የባል ስም፦ በክሪ» ይላል። ከሥሩ ሙከሚል ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች አድርጎ «ወገኖቼ፣ ሙሽሮቹ የአንድ አያት ልጆች ናቸው!» ብሎ ጽፎበታል።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። የአዴ ሀሊማ ልጆች በአብዱልቃዲር ስም ቢጠሩም ሙከሚል «መዝገብ አይዋሽም» አለ። ሸሪዓው ቢፈቅድም በእነሱ ዘንድ ከአንድ ጎሳ መጋባት የማይታሰብ ነው። ሰርጉ ይቁም ተባለ። ሳብሪና እያለቀሰች መጥታ የደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የአኮን፣ የሴት አያቴን፣ የኒካህ ወረቀት ፈልጉልኝ። ወንድ አያቴ አብዱልቃዲር መሆኑ ካልተረጋገጠ ኢርሻድን አጣሁት።»

ሚኒባስ ይዤ ሂርና ሄድኩ። ኒካሁን ያሰሩት ሼህ ሞተዋል። ምስክሮቹም ሞተዋል። ወረቀት የሚባል ነገር ያኔ አልተጻፈም። የቀረው ያ መዝገብ ብቻ ነው። አየሁት። በክሪን ባለ ሁለት ሚስት ይለዋል! አንዷ እንኳ በየሳምንቱ ከቤት የምታባርረውን ሰውዬ! ያን ጊዜ የአራት ልጆች አባት የነበሩት አብዱልቃዲር ደግሞ «ያላገባ» ተብለዋል። ይህን የጻፈ እጅ ትንሽ አይንቀጠቀጥም?

ተመልሼ ሽማግሌዎቹ ፊት አዴ ሀሊማን ጠየቅኳቸው።

«ባልዎ ማን ነበር?»

«የአብዱናስር አባት።»

«ስሙን፣ አዴ! ስሙን!»

«ታውቀው የለ? አንተ በለው።»

«እኔ ብለው ማን ያምነኛል?»

«ታዲያ የማትታመን ከሆነ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳል መጣባቸው። ሳብሪና እግራቸው ሥር ወደቀች። «አኮ፣ ስለ እኔ ብለሽ፣ አንዴ ብቻ!» አሮጊቷ እንባቸው መጣ፤ ከንፈራቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። አልቻሉም።

ሙከሚል ስልኩን ዘረጋ። «እዚህ የተጻፈው በክሪ ነው፣ አዴ።»

«በክሪ?» ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «በክሪ! ያ አህያውን ሽንኩርቴ ላይ የለቀቀው በክሪ? እኔ ነኝ በክሪን የማገባው?»

«አዴ፣ አባቴ እኮ ነው…»

«አዎ፣ አባትህ በክሪ! ያህያዋ ባለቤት!»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲቆጥር ነበር። «አምስት ጊዜ ጠራችው» አለ። «ሴትየዋ ስንት ዓመት የባሏን ስም ያልጠራች ናት። በክሪ ባሏ ቢሆን ምላሷ ይቆለፍ ነበር። ተነሱ፣ ሰርጉ ይቀጥል።» ሙከሚልም በአህያዋ አፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«በክሪ መዝገቡ ላይ እንዴት ገባ ታዲያ?» አልኳቸው አዴ ሀሊማን።

«ጸሐፊው ባልሽ ማነው አለኝ። በክሪ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እሱ ይንገርህ ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ጸሐፊው በክሪን ስምህ ማነው አለው፤ እሱም የራሱን ስም ነገረው።»

አያችሁ? አንድ ጥያቄ ጨምሮ ቢጠይቅ ምን ነበረበት!

ሰርጉ አለፈ። እኔ ግን ስህተት እያየሁ መተኛት አልችልም፤ መዝገቡ ይታረም ብዬ አዴ ሀሊማን ሂርና ይዤ ሄድኩ። አሁን ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ያላት ልጅ ናት።

«እማማ፣ የባልዎ ስም?»

የአዴ ሀሊማ ጣት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ልጅቷ ቀና አለች። «እሺ አባቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ?» እጇ ኪቦርዱ ላይ ነው።

በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰባት ልጅ ልታሳቅፈኝ ነበር እኮ!