የአያ ምትኩ ከንፈር

ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቀጠረኝ ሰው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ። «ፈረንጅ የሚለውን ሁሉ እንዳትተረጉም። ጉዞ የሚያሰናክል ከሆነ ዋጥ አድርገው» አለኝ። የሙያው ብልሃት መስሎኝ ያዝኩት።

በመጀመሪያው የተራራ ጉዞዬ ጠመንጃ አንግተው ያጀቡን ስካውት አያ ምትኩ ነበሩ፤ የጃናሞራ ሰው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ከፍታ ያመመው እንግዳ በምን እንደሚታወቅ፣ ጭጋግ ሲመጣ ሰውን ከገደል አፋፍ እንዴት እንደሚያርቁ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እንግዶቹ ጠዋት ፊታቸውን ነጭ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሲለቀለቁ እንስቅ ነበር። አያ ምትኩ «እዚህ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው እንጂ ፀሐዩ ምን አለው» ይላሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ገልጠው ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። የታች ከንፈራቸው ሁልጊዜ እንደተሰነጠቀ ነው።

አንድ ጥር ወር ጨነቅ በሚባለው የተራራ ማረፊያ ድንኳን ተክለን አደርን፤ ከእንግዶቹ አንዷ የቆዳ ሐኪም ነበረች። ከንፈራቸውን አይታ ጠራችኝ።

«ይህ ቁስል ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጠየቅኳቸው። «ከፍልሰታ ወዲህ አልድን ብሎኛል» አሉ።

«ፀሐይ ያመጣው ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቦታው ከፍ ሲል ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ይበረታል። አሁን ከተቆረጠ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገውኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አለችኝ።

አያ ምትኩ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «ምን ትላለች ልጄ?»

ገና የአራት ቀን መንገድ ይቀረን ነበር። ሌላ ስካውት እስኪላክ ጉዞው ይስተጓጎላል።

«ቅባት ይቀቡት ትላለች» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጣት» አሉ። ለእሷ ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ አልኳት።

ደባርቅ ስንገባ እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ስንገባ ሌላ ቡድን ጠበቀኝ፤ ከዚያም ሌላ። ከንፈራቸውን ላለማየት ሌላ ስካውት መጠየቅ ጀመርኩ።

በመስከረም መታመማቸውን ሰምቼ ብሄድ ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው አገኘኋቸው። አገጫቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። በሽታው ወደ አንገታቸው እንደዘለቀ ሐኪሙ ነገረኝ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጨነቅ ላይ ሴትዮዋ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ንግግር ያስቸግራቸው ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ያልከኝን እያመንኩ ነው የኖርኩት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የገና በዓል ሳይደርስ ሞቱ።

ብርድ ፀሐይን አያስቀርም። በውርጭም በደመናም ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ፤ ከንፈራችሁን ሸፍኑ። ሐኪም ስለ ሰው በሽታ የነገራችሁን ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ እንዳለ ለራሱ ለታማሚው ንገሩ።