ምሳ የተጋበዙት ዓሦች

ዓሣ ለማጥናት ሐይቅ ያስፈልጋል ይላሉ። አያስፈልግም። ቢርካ ይበቃል፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ። እኔ በዓሣና ዱር እንስሳት አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በቶጎጫሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ቢርካ ነው።

ከኮሮና በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ ስመዘገብ፣ የጅጅጋ ባጃጅ ነጂዎች "ዓሣው! ዛሬስ ወደ ባሕር ነው?" ይሉኝ ነበር። በእኔ ዕድሜ ሰው ወይ መሬት ይገዛል ወይ ፖለቲካ ይተነትናል። ከሁለቱም ዓሣ ይሻላል።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቢርካ ውስጥ ብንለቀው የወባ ትንኝን እጭ ይጨርሳል ወይ? አንዲት ባለ ሻይ ቤት ፍየሎቻቸው የሚጠጡበትን ቢርካ ፈቀዱልኝ። እንደ ሶማሊዎቹ "ኤዶ" እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ዓሦቹን ለቅቄ ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ደልበዋል፤ እጩም እንደ ልቡ ይዋኛል። መመረቄ የተንጠለጠለው በእነዚህ ሆዳሞች ላይ ነበር።

አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለ ኤዶ የቂጣ ፍርፋሪ በሳህን ይዘው መጡና ውሃው ላይ በተኑት።

"ኤዶ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ምሳቸው ነዋ። ከሩቅ አምጥተህ ደጄ ጣልካቸው። እንግዳ ጦሙን ይዋል?"

"እንግዳ አይደሉም፣ ሠራተኞች ናቸው። ያመጣኋቸው የትንኝ ልጆች እንዲበሉ ነው።"

"ትንኝ!" አሉ አፋቸውን ይዘው። "ሰው ቤት አስገብተህ ትንኝ ታበላለህ? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?"

በግመል ወተት ሻይ ላይ ስንከራከር ዋልን። በመጨረሻ ተስማማን፤ ዓርብ ብቻ፣ አንድ እፍኝ። "ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ማንም አይራብም" አሉ፤ ከዚህ በታች አልወርድም አሉ።

ጥናቱን እንደገና ጀመርኩ። ዝናቡ ሲመለስ ቢርካው ውስጥ እጭ ፈልጌ አጣሁ። በጽሑፌም የዓርቡን እፍኝ ሳልደብቅ አሰፈርኩት። ፈታኙ "ለምን ዓርብ?" ሲለኝ "ኤዶን ይጠይቋቸው" አልኩ። ሳቀ፤ አለፍኩ።

ዛሬም ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። ሻዬን ይዤ ዓሦቹ ወደ ኤዶ እጅ ሲሻሙ አያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። የሚያናድደኝ መንገደኛው ነው። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ዓሣ ለማየት ዳቦ ይወረውራል፤ የጠገበ ዓሣ ደግሞ ትንኝ አይነካም።

አንተም በዚያ ካለፍክ ዳቦህን ራስህ ብላው።