የአባቴ ሲዲዎችና የፊት ለፊቱ ክፍል

ወንድሜ ኮምፒዩተር ሲገዛ ለአባታችን አዝኖ መስሎኝ ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የተማሪ ውጤት አስረክቤ ከቢቸና ሞጣ ስገባ፣ ከባሕር ዳር ያስመጣውን ኮምፒዩተር ከነካርቶኑ አባቴ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

«አንቺ የአይሲቲ መምህር አይደለሽ?» አለኝ። «የአባባን ሲዲዎች በሙሉ እዚህ ላይ ገልብጪያቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው በየጊዜው ተነስተው ሲዲ መቀየር አቃታቸው። ሲያልቅ አልጋቸው ላይ ሆነው በስልካቸው ይሰማሉ።»

ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው አልነበረም። ሞጣ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ሸጦ የከበረ ነጋዴ ነው። ሲስቅም ሲቆጣም ሐሳቡ ከሱቁ አይርቅም። ስለዚህ አንገቱን አቅፌ ሳምኩት።

አባቴ የሞጣ ተወላጅ አይደሉም። ከምባታ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በጤና ረዳትነት ተመድበው መጡና እናቴን አግብተው እዚያው ቀሩ። ከተማው «ዶክተር» ነው የሚላቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ያስከተበው በእሳቸው እጅ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፎ በራቸውን የሚያንኳኳ አልጠፋም። አማርኛቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ኖረውበትም የጎጃም አማርኛ አልሆነም። ቋንቋቸውን የሚያናግሩት ሰውም ሞጣ ውስጥ አልነበረም። እናታችን አታውቀውም ነበር፤ እኛንም አላስተማሩንም። ከምባትኛ የሚሰሙት ከቴፕ ብቻ ነበር። ያኔ ካሴት ነው፤ ወንድሜ ካሴቱ ሲጀምር ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል። «የሰፈር ልጆች ይስቁብናል» ይላል። አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጉታል።

ካሴቱ ሲቀር ሲዲ መጣ፣ ሲዲውም ሲቀር አባቴ አልተውትም። በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ ደርድረውት ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ጠዋት መስኮቱን ከፍተው፣ ከመደርደሪያው አንድ መርጠው፣ ሽፋኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ያጫውቱታል። አላፊ አግዳሚው በመስኮቱ «እንዴት አደሩ ዶክተር?» ይላቸዋል።

ሥራውን ጀመርኩ። የአማርኛዎቹ አልቸገሩኝም፤ ስማቸው ሽፋናቸው ላይ አለ። የከምባትኛዎቹ ግን አብዛኞቹ ከአገር ቤት በሰው በሰው የተላኩ፣ በየቤቱ የተገለበጡ ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ላይ «ትራክ አንድ፣ ዘፋኙ ያልታወቀ» ብሎ ይመጣል። ያልታወቀ ባለ ቁጥር አባቴን እጠይቃለሁ።

«አባባ፣ ይኼንን ምን ብዬ ልጻፈው?»

ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ይሰሙታል።

«ይቺ እንሰት የምትፍቅ ሴት ናት» አሉኝ አንድ ቀን። «ባሏ ሩቅ አገር ሄዷል። ቆጮው ደረሰ፣ አንተ ግን አልደረስክም ትላለች።» ከዚያ የተናገሩትን መልሰው አሰቡትና ሳቁ። «በእኛ ቋንቋ እንዲህ አይገጥምም። በአማርኛ ስለው ቅኔ ሆነ! ጎጃም ከርሜ ከርሜ ይኸው ተቀኘሁ።»

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስማት ስለማንችል ሥራ እናቆማለን፤ ያኔም ወሬው ይቀጥላል። አባቴ ታናሽ ወንድም እንደነበራቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከፈረስ ወድቆ ሞተ። መርዶው ሞጣ የደረሰው ተዝካሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ለቅሶ የሚደርሳቸው ጎረቤት እንኳን ሳይጠሩ በማግስቱ ሥራ ገቡ። «ማንን ልጥራ?» አሉኝ። «ማንም አያውቀው።» አንደኛው ሲዲ ውስጥ ከሚያጨበጭቡት መሃል የእሱ ድምፅ አለ። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው አይለየውም፤ እሳቸው ግን ለይተው አሳዩኝ፤ ዘፋኙ ሊጨርስ ሲል ቀድሞ የሚጮኸው ነው።

ጳጉሜን ላይ ሁሉም ተገልብጦ አለቀ። ኮምፒዩተሩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ አባቴ ስልክ ላይ ሙዚቃውን የሚከፍቱበትን አዘጋጀሁላቸው። ኢንተርኔት ከሞጣ ከጠፋ ቆይቷል፤ ይኼ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ዘፈኑ የሚመጣው ግድግዳው ሥር ከተቀመጠው ከራሳቸው ኮምፒዩተር ነው። አባቴ ስልካቸውን ይዘው ጓሮ ወጡና ሎሚው ሥር ተቀምጠው ነካ ሲያደርጉት፣ ያቺ እንሰት ፋቂ ሴት መዝፈን ጀመረች። እንደ ልጅ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ።

ወንድሜም ያን ዕለት መጥቶ አየ።

«ሁሉም ገብቷል?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም አልቀረም፣ ጋሼ።»

«ጎሽ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

እኔ ትምህርት ሲከፈት ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ስደውልላቸው አባቴ ደህና ነኝ ይላሉ፤ ስለ ሙዚቃው ስጠይቃቸውም «እየሰማሁ ነው» ነው መልሳቸው። ጥቅምት ላይ ቅዳሜ ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከመናኸሪያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወቱ ላይ ሲዲ አንጠልጥሏል። እየተሽከረከረ ሲያበራ ዝም ብዬ አየው ነበር፤ ሲቆም ግን የአባቴን የእጅ ጽሑፍ አየሁበት።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ከዶክተር ቤት ነው፣ እትዬ። ሲጥሉት ጊዜ ልጆች ወሰዱት፣ እኔም አንድ ደረሰኝ።»

ቤት ስደርስ መስኮቱ የለም። ግድግዳው ፈርሶ ሰፊ የብረት በር ገብቶለታል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ይሸታል። ክፍሉ ውስጥ ቆርቆሮ ተደራርቧል፣ የቀለም ጣሳ ተደርድሯል፣ አንድ ሰው ሽቦ ይመዝናል። አባቴን ያገኘኋቸው ከኩሽናው ጎን፣ ድሮ እናቴ እህል ታስቀምጥበት በነበረው ጓዳ ውስጥ ነው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒዩተሩ አልጋው ሥር በቢራ ሳጥን ላይ ነው።

«ሲዲዎቹስ?»

በአገጫቸው ወደ ውጭ አሳዩኝ። ጓሮ፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ በማዳበሪያ ታጭቀው ተከምረዋል። የመጨረሻው ዝናብ ገብቶባቸው የሽፋኖቹ ወረቀት እርስ በርስ ተጣብቋል፣ ሻጋታ ይዟል። አንዱን ለማላቀቅ ስሞክር የዘፋኙ ፊት ከወረቀቱ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ።

ሱቅ ወደሆነው ክፍል ተመለስኩ። ወንድሜ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር፤ እስኪጨርስ ቆምኩ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ምኑ?»

«የአባባን ዕቃ ዝናብ ላይ ጥለህ እሳቸውን ጓዳ መክተትህ ነዋ!»

«ምን ያስጮህሻል? ሲዲዎቹ ኮምፒዩተር ውስጥ አይደሉም እንዴ? አንድም አልቀረም ያልሽው አንቺው አይደለሽ?»

«ለዚህ ብለህ ነው የገዛኸው?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አለኝ። አላፈረም፤ እንዲያውም ነገር ዘግይቶ እንደሚገባው ሰው ነው ያየኝ። «ይኼን ክፍል ስንት ዓመት ለመንኳቸው። መንገድ ዳር ያለ ክፍል ዘፈን ተደርድሮበት ይኖራል? ሁልጊዜ ‹ሲዲዎቼ የት ይሁኑ?› ነው መልሳቸው። ይኸው ቦታ ተገኘላቸው። በስልካቸው እየሰሙ ነው፤ ምን ጎደለባቸው?»

ካደረገው ይልቅ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ ዘፈኖቹ በእርግጥ አልጎደሉም። ክረምቱን ሙሉ ዓይኔ እስኪደክም አንድም እንዳይቀር የለፋሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ግድግዳውን ያፈረሰው በእኔ ድካም ነው።

ጓዳ ተመልሼ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

«አላወቅሁም ነበር፣ አባባ» አልኳቸው።

«አንቺማ ከየት ታውቂያለሽ?» አሉ። «እኔ ግን አውቄያለሁ። ወንድምሽ ያንን ካርቶን ተሸክሞ በበሩ ሲገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልከለከሉንም?»

ሱቁ ውስጥ ቆርቆሮ ሲወርድ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ‹አባባ፣ ይኼስ ምንድን ነው?› ስትዪኝ ከረምሽ» አሉኝ። «ወደዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብከለክል ታቆሚያለሽ። ስለዚህ ክፍሉ ይሂድ አልኩ።»

በማግስቱ ኮምፒዩተሩንም፣ ማዳበሪያዎቹንም፣ አባቴንም ይዤ በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ወንድሜ ዕቃውን ሲጭኑ አገዘ፤ ለመንገድ ብሎ ብርቱካን ገዝቶም ሰጠን። ሲዲዎቹን ከቤቴ ደጅ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ጥቂቶቹ ተረፉ፣ ብዙዎቹ ተላጡ። አባቴ የተላጡትንም አላስጥልም አሉ። ቢቸና ውስጥ መስኮታቸው የሚያየው የአከራዬን የግቢ አጥር ነው። «እንዴት አደሩ ዶክተር?» የሚላቸው የለም፤ እዚህ ማንም አያውቃቸውም። ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው ሲሰሙ ላየ፣ ሩቅ ካለ ዘመድ ጋር የሚነጋገሩ ይመስሉታል።

በጥር ወንድሜ የሴት ልጁን የሠርግ ጥሪ ይዞ መጣ። የሚያገባት ልጅ ከትልቅ ቤተሰብ ነው። ቡና ሳይቀርብለት ጀመረ፦

«አባባ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ የአገርዎን ዘፈን እናስከፍታለን ብያለሁ። የሙሽራው ቤተሰቦች የዘራችንን ስፋት ይዩት። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ይወደዳል።»

«የትኛውን?» አሉ አባቴ።

«ያው የከምባታውን ነዋ።»

«ብዙ ነው እኮ። የትኛውን?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። እንዲሰጠው አልፈለግሁም ነበር፤ አንድ ቃል ቢናገሩኝ ኮምፒዩተሩን አጠፋው ነበር።

«ሙሽራ የሚቀበሉበት አለ» አሉ አባቴ። «ታውቂዋለሽ። በፍላሽ አድርገሽ ስጪው።»

ሰጠሁት።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቷል። ሙሽሮቹ ገብተው እንደተቀመጡ ዲጄው ዘፈኑን ከፈተው። አባቴ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉ፣ ከዘራቸውንም አስደገፉ፤ ተነሱ። ያ የሚያማቸው ጉልበት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀና ብለው እየረገጡ ወደ መሃል ወጡ። አባቴ ሲጨፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ትንሽ ዝቅ ይላሉ፣ ደግሞ ቀና። እንግዳው ሊያጨበጭብላቸው ሞከረ፤ ምቱ አልያዝ አለው። ጭብጨባው ተበተነ። ከሙሽራው ወገን ያሉ ወጣቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ወንድሜ ዙሪያውን ቃኘና ለዲጄው በእጁ ምልክት አደረገ።

ዘፈኑ መሃሉ ላይ ተቆረጠ። እስክስታው ሲፈነዳ ወጣቱ ሁሉ እየጮኸ ወደ መድረኩ ፈሰሰ። አባቴ እጃቸው እንደተዘረጋ መሃላቸው ቆመው ቀሩ። ማንም አልነካቸውም፣ ማንም አላያቸውምም። ሰው እየገፋሁ ገብቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አለቀ አባባ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ጋር ቃል አልተነጋገርንም። ሲደውል አላነሳም፤ ሽማግሌ ልኮም ነበር፣ ሰዎቹን ምሳ አብልቼ መለስኳቸው። አባቴ ግን በበዓል በበዓሉ ይደውሉለታል። ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፣ ስለ ሱቁ ይጠይቁታል፣ ገበያው እንዴት ነው ይሉታል፤ መርቀውት ስልኩን እስኪዘጉ፣ እንዳልሰማ እኔ ውጭ እቆያለሁ።