መማል ክልክል ነው

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው... በሰፈራችን የወጣት ማዕከል፣ እዚሁ ጎንደር። አምና ለሞተው ልጄ ለአቤል መታሰቢያ ጓደኞቹ የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር አዘጋጁ። ዋንጫውን የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ ከፊት አስቀመጡኝ።

ሰይድ የአቤል አብሮ አደግ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ጠዋት ቤት መጥቶ «እማዬ፣ ዋንጫው ከአቤል ፎቶ አጠገብ ነው የሚቀመጠው» አለኝ። እኔም ቦታውን ወልውዬ ወጣሁ።

ለፍጻሜ ከአንድ የእንፍራንዝ ልጅ ጋር ገጠመ። ግን ልቡ ቸኩሏል። ኳስ ሲያመልጠው ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አጮኸው።

«ጠረጴዛው ምን አደረገህ ጃል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ዳኛው አያ ይርጋ አልሳቁም። ቢጫ ካርድ አሳዩት። «ሁለተኛ ካጠፋህ ነጥብ ለእሱ ነው። መሳደብ የለም፣ መማል የለም።»

መማል የለም የምትለዋ ደንብ የወጣችው በራሳቸው በአቤልና በሰይድ ምክንያት ነው። በየኳሱ አንዱ በሌላው እየማለ ዳኛ ያሰለቹ ነበር።

መጨረሻ ላይ የእንፍራንዙ ልጅ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀረው። ሰይድ መታ። ኳሷ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል አለፈች።

«ነክታለች!» አለ ሰይድ።

«አላየሁም። ይደገም» አሉ አያ ይርጋ።

«ምን ይደገማል? አቤል ይሙት ነክታለች!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰይድ አፉን በእጁ ያዘ። አያ ይርጋ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ቀሩ። ካርዱን ካወጡ ጨዋታው አለቀ።

«እመት አልማዝ...» አሉኝ።

ተነሳሁ። «ምነው ዘገዩ አያ ይርጋ? አቤል ቢሆን ይቀጡት አልነበር?»

ካርዱን አወጡ። ዋንጫውን ለእንፍራንዙ ልጅ ሰጠሁ።

ሰይድ እግሬ ላይ ሊወድቅ መጣ። «እማዬ፣ ረስቼ ነው... መሞቱን ረስቼ ነው።»

ትከሻውን ይዤ አቆምኩት። «ሸጋ ረሳህ» አልኩት።

የፎቶው አጠገብ አሁንም ባዶ ነው። ግን «ይሙት» ተብሎ የሚማለው በሕያው ሰው ነው... አቤሌ ለአንዲት ኳስ ያህል በሕይወት ነበረ።